የአህያ እሾህን አበባ ብለን ስንተክል

ከሰባተኛ «ለ» ክፍል ጀርባ ያለችውን ከቧንቧው በጣም የራቀች ቦታ ታውቋታላችሁ አይደል? ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ ነች። አምና የአትክልት ክበባችን ጽጌረዳ ተከለባት። ተራ ገብተን ውሃ በጀሪካን ብናመላልስም ጥር ላይ ደረቀ።

አሁን እዚያ የምታዩት ቢጫ አበባ የአህያ እሾህ ነው። «አረም ተክላችሁ አበባ ትላላችሁ?» ብላችሁ የሳቃችሁብን አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ አረም ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ አበባው እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ቅጠሉም ነጭ ነጭ መስመር አለው። ጠጋ ስትሉ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ይወጋል።

የመጀመሪያ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም ለዚህ ነው አርጌሞኔ ሜክሲካና የተባለው። ዛሬ በእኛም አገር መንገድ ዳርና ማሳ ዳር ሞልቷል። በኦሮምኛም ቆሬ ሀሬ ይሉታል፣ ትርጉሙ ያው የአህያ እሾህ ነው።

ድርቅን የሚችለው እንዴት ነው? አንደኛ፣ ሥሩ እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ላይኛው አፈር ሲደርቅ ከታች ያለውን እርጥበት ያገኛል። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ሰም የመሰለ ነገር አለ፤ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይረዳዋል። ፍየል እንኳን አትነካውም፤ እሾህም ነው፣ መራራም ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። በፕላስቲክ አፍልቶ ማዛወር ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ያ ረጅም ሥር ከተነካ ችግኙ ይሞታል። እኛ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጀምር ዘሩን እዚያው በትነን ስስ አፈር አለበስነው። ሲበቅል ሁለት ሁለት ስንዝር አራርቀን ሌላውን ነቀልን። ፍግ አልጨመርንም። አንድ ጓደኛችን አዝኖለት በየቀኑ ውሃ ያጠጣው ነበር፣ የእሱ ብቻ ሥሩ በሰበሰና ሞተ! ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ስለሚወጣው ዓይናችሁን በዚያ እጅ እንዳትነኩ። ጓንት ስለሌለን እጃችንን በጆንያ እየጠቀለልን ነው የምንሠራው።

አሁን ዋናው ነገር ዘሩ ነው። አምና ግንቦት ከመንገድ ዳር ዘር ለቅሜ በሻይ ብርጭቆ አድርጌ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ እማዬ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ጥዳ፣ ጎመንዘር መስሏት ለማሰሻ ልትወቅጠው አወጣችው። አያቴ ቆንጠር አድርጋ በጣቷ አሸችውና «ይሄ ጎመንዘር አይደለም፣ ይሻክራል፤ ከየት አመጣችሁት?» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ተናገርኩ። የተቆጡኝን አልጽፍም።

የሳይንስ ቲቸርን ስጠይቃቸው ነገሩን አብራሩልኝ። ዘሩ ውስጥ ሳንጉዊናሪን የሚባል መርዝ አለ። በምግብ ወይም በዘይት ውስጥ ከገባ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ እግር ያብጣል፣ ልብም ይደክማል። በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የሰናፍጭ ዘይት ከዚህ ተክል ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሸጦ ነበር። ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታመሙ። እኔ በአንድ ብርጭቆ ነበር የቀረሁት።

መለያው ይሄ ነው፦ ሁለቱም ጥቃቅንና ክብ ናቸው፣ ግን የጎመንዘር ዘር ለስላሳ ነው፤ የአህያ እሾህ ዘር ጠቆር ብሎ ላዩ እንደ መረብ ይሻክራል። ተጠራጥራችሁ ከሆነ ግን አትቅመሱት፣ ጣሉት።

ታዲያ ለምን ተከላችሁት ትሉኛላችሁ። ቲቸር የፈቀዱልን ፍሬው ሳይከፈት እንድንቆርጥ ነው። ፍሬው እሾሃም ነው፣ ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቅና ዘሩ ይረግፋል። አንዱን ከፍተን ብንቆጥር 300 አልፎ ሰለቸን፣ ተውነው። አፈር ውስጥ የገባ ዘር ደግሞ ለዓመታት ሳይበሰብስ ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። ከአጥራችን ማዶ ያለው ማሳ ደግሞ የሰው ጎመንዘር ነው! ስለዚህ ማክሰኞና አርብ ከሰዓት ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ እየቆረጥን በቲቸር ፊት እናቃጥላለን። እስካሁን አንድም ቀን አላለፈንም። አንዴ እኔ ታምሜ ቀርቼ ጓደኞቼ ቆርጠውልኛል።

አሁን የቸገረን የሴሚስተሩ ዕረፍት ነው። ከክበባችን ልጆች አብዛኞቹ ሩቅ ነው ቤታቸው። በእኔ አስተያየት የሚቆርጥ ሰው ሳይኖር አንድ ቀን እንኳን መቆም የለበትም፣ ቢያምርም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትኖሩና ማክሰኞና አርብ መምጣት የምትችሉ፣ ስማችሁን እስከ ፈተናው መጨረሻ ለአትክልት ክበብ ስጡ። ሁለት ሰው ይበቃናል። ሁለት ሰው ካልተገኘ በመጨረሻው የፈተና ቀን ከነሥሩ እንነቅለዋለን። ያን ቀን ጆንያ ይዛችሁ ኑ።