«ቦታ የለም» የሚለው መልእክት ለምን እንደ ተራ ወሬ ተቆጠረ?

ለመመረቂያ ጥናቴ የአፈር እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ከአንዲት ትንሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ነበር። በየ10 ደቂቃው አንድ ልኬት ይወሰዳል፤ ልኬቱም ኮምፒውተሯ ላይ በተሰካ ፍላሽ ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት እገባና «የስህተት ደረጃ ያለው ወይም ከዚያ የከበደ መልእክት ካለ አሳዪኝ» የሚል ትእዛዝ እሰጣታለሁ። ምንም አይወጣም። ደስ ብሎኝ ቡናዬን እጠጣለሁ።

አንድ ቀን ውሂቡን ልቀዳ ስሄድ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ፍላሹ ሞልቶ ቁጭ ብሏል፤ ከሞላም 19 ቀን አልፎታል። በቀን 144 ልኬት፣ በጠቅላላው 2,736 ልኬቶች የሉም። አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ ሲደርቅ ለማየት የፈለግኩት ደግሞ በትክክል በእነዚያ ቀናት ነበር።

የሚያናድደው ፕሮግራሜ ዝም አላለም። በየ10 ደቂቃው «ስህተት፦ ፍላሹ ላይ ቦታ የለም» እያለ ሲጽፍ ከርሟል። መልእክቱ የኮምፒውተሯ መዝገብ ውስጥ አለ። እኔ ጋ ያልደረሰው ከጎኑ የተመዘገበው ቁጥር 3 መሆን ሲገባው 6 ስለነበረ ነው።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ኤሪክ አልማን የሚባል ፕሮግራመር ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል ማመላለሻ ሲሠራ፣ ከእሱ ጋር የመልእክት መመዝገቢያ ሥርዓት አብሮ ሠራ። ስሙ ሲስሎግ ነው። ሲስሎግ እያንዳንዱ መልእክት ከጽሑፉ ሌላ የክብደት ደረጃ እንዲኖረው ያደርጋል። ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው። 0 ማለት ሲስተሙ ከነአካቴው ወድቋል፣ 1 አሁኑኑ ሰው ይድረስ፣ 2 እጅግ አሳሳቢ ነው፣ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 5 ልብ ሊባል የሚገባው፣ 6 ተራ መረጃ፣ 7 ደግሞ ፕሮግራመሩ ለራሱ የሚጽፈው ዝርዝር ነው። አስተውሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ነገሩ ይከብዳል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ከማዶ እሪታ ሲሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ቃሉን እስኪለይ አይጠብቅም፣ ድምፁ ይበቃዋል። የእኔ ኮምፒውተር ግን ቃሉን አድርሳ ድምፁን አስቀርታዋለች። «እሳት ተነሳ»ንም «እንደምን አደራችሁ»ንም በአንድ ቃና የሚናገር መልእክተኛ አስቡ።

ድምፁ የጠፋው የት ላይ ነው? አንድ ፕሮግራም ጽሑፍ የሚያወጣባቸው ሁለት ቧንቧዎች አሉት፤ አንዱ ለተለመደው ውጤት፣ ሌላው ለስህተት። በአብዛኞቹ የዛሬ ሊኑክሶች ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሁለቱንም ቧንቧዎች ጆርናል ከሚባለው መዝገብ ጋር ያያይዛቸዋል። በቧንቧው የሚያልፈው ግን ባዶ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ለደረጃ የሚሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ ሌላ ነገር ካልተነገረው ጆርናሉ እያንዳንዱን መስመር 6 ይለዋል፣ በስህተት ቧንቧ የመጣውንም ጭምር። «ስህተት» የሚለውን ቃል ራሴ በአማርኛ ጽፌዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ብጽፈውም ለውጥ የለውም፣ ጆርናሉ ትርጉም አያነብም።

አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ ሁሉንም 3 በለውና ተገላገል» አለኝ። በሲስተምዲ ቅንብር ውስጥ ይህን ማድረግ ይቻላል። ግን ያኔ «ልኬት ተወስዷል» የሚለውም በቀን 144 ጊዜ ስህተት ሆኖ ይመጣል። በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ሳይፈልጉት ይደርስባቸዋል። ዶከር ወደ ጆርናል ሲልክ የመጀመሪያውን ቧንቧ 6፣ የስህተቱን ቧንቧ 3 አድርጎ ነው። የፓይተን የሎግ መሣሪያ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር ሁሉንም በስህተቱ ቧንቧ ያወጣል። በቃ፣ ሰላምታው ሁሉ እሪታ ሆነ ማለት ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ደረጃውን መስመሩ መጀመሪያ ላይ መጻፍ። መስመሩ <3> ብሎ ከጀመረ ጆርናሉ ምልክቱን ያነባል፣ ከጽሑፉ ላይ ያነሳዋል፣ መልእክቱንም በደረጃ 3 ይመዘግበዋል። (አዎ፣ ቻት ላይ የምትላላኩትን ልብ ይመስላል። የስህተት ምልክት መሆኑ እኔንም ያስቀኛል።) አጻጻፉ የተወሰደው ከሊኑክስ ከርነል የራሱ መልእክቶች ልማድ ነው።

እዚህ ላይ እኔን አንድ ከሰዓት የበላኝ ወጥመድ አለ። ምልክቱ የሚሠራው ለአንድ መስመር ብቻ ነው። ፓይተን ሲሳሳት ስህተቱ የት እንደተፈጠረ የሚያሳይ ረጅም ዝርዝር ያወጣል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ <3> ብታደርጉ ራሱ በስህተትነት ይመዘገባል፤ የተቀሩት መስመሮች ግን ተራ መረጃ ሆነው ይበተናሉ። ብዙ ጊዜ ዋናው ምክንያት የሚጻፈው ደግሞ መጨረሻው መስመር ላይ ነው! ወይ እያንዳንዱ መስመር ላይ መድገም፣ ወይ ደግሞ ጽሑፉንና ደረጃውን ለየብቻ ለጆርናል የሚያቀብል ላይብረሪ መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ዝርዝሩ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ መልእክት ይቀመጣል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ አቅጣጫ እንመለስ። በፓይተን የዝርዝር መልእክት 10፣ መረጃ 20፣ ማስጠንቀቂያ 30፣ ስህተት 40 ነው፤ ሲበዛ ይከብዳል፣ ከሲስሎግ ተቃራኒ። በኔትወርክ የሚላክ የሲስሎግ መልእክት ደግሞ መጀመሪያው ላይ አንድ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ የሚሠራው የመልእክቱን ምንጭ ዓይነት በ8 አባዝቶ ደረጃውን በመደመር ነው። 34ን ለ8 ስታካፍሉ 4 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ምንጩ 4 የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ነው፣ ደረጃው 2። ስምንት ደረጃ በሦስት ቢት ስለሚገለጽ ለኮምፒውተሩ ሥራው ቀላል ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቢቶች ብቻ ማየት ይበቃዋል።

እንግዲህ አንድ ቸኩሎ የሠራ ሰው የፓይተንን ቁጥር እንዳለ ቢልክ ምን ይሆናል? 40 ለ8 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው፤ ተራ ስህተት ሲስተሙን ከነአካቴው የጣለ አደጋ ይሆናል። 30 ሲካፈል 6 ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያው ተራ መረጃ ሆነ። 10 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ፕሮግራመሩ ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ «እጅግ አሳሳቢ» ሆነ። እያንዳንዱን ደረጃ ከአቻው ጋር የሚያዛምድ ትንሽ ሠንጠረዥ የግድ ነው።

የእኔ ማስተካከያ በስተመጨረሻ ከ10 የማይበልጡ መስመሮች ነበሩ። ከዚያ በስምንቱም ደረጃ አንድ አንድ የሙከራ መልእክት ላክሁና ከስህተት ጀምሮ ወደ ላይ ያሉትን ጠየቅሁ፤ ከ0 እስከ 3 ያሉት አራቱ ብቻ መጡ። አላመንኩም። ፍላሹን በማይረቡ ፋይሎች ሆን ብዬ ሞልቼው ጠበቅሁ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ «ቦታ የለም» የሚለው መስመር በቀይ ቀለም ስክሪኔ ላይ ወጣ።

ግራፉ ላይ ያለው የ19 ቀን ክፍተት እንዳለ ነው። አማካሪዬ በመስመር ላገናኘው ብዬ ስጠይቃቸው እምቢ ብለውኛል።