የግራ እጅ ፊርማ

ትናንት ማታ አንድ የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ላሜራ ክንዱን ከፍቶት አሥራ አንድ ቦታ ተሰፍቷል። ፎቶው ግን የክንዱ አይደለም፣ የወረቀት ነው። «ጉዳቱ የደረሰብኝ በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ስለሆነ ድርጅቱን በምንም አልጠይቅም» ይላል። የፊርማው ቦታ ገና ባዶ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ልፈርም?» ብሎ ጽፏል።

መልሱን ለእሱ ብቻ ልጽፍለት ጀምሬ ነበር። ረዘመብኝ፤ እዚሁ ለጠፍኩት። ምክንያቱም እኔ ፈርሜያለሁ።

2013 ዓ.ም. ነው፣ እንጨት ሥራ ቤት። የጣውላ መሰንጠቂያው ማሽን ምላጩን ከላይ የሚሸፍን ብረት ነበረው። «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ከተነሣ ወራት አልፎታል፤ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣ ነበር። ከቀኝ እጄ የሁለት ጣቶቼን ጫፍ ማሽኑ ወሰደው። ክሊኒክ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ የቴታነስ መርፌ ገና ተወግቼ፣ ኃላፊያችን አንድ ገጽ ወረቀት ደረቴ ላይ አስቀመጠና እስክሪብቶ አቀበለኝ። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራዬ ፈረምኩ። ፊርማው አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የጻፈው ይመስላል። ያኔ አልተናደድኩም፤ እንዲያውም አፍሬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኛለሁ፤ ዓይኔን ከማሽኑ አንሥቼ ከሰው ጋር እያወራሁ ነበርና።

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 ሠራተኛው ሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ተዘናግታችሁ ነበር? ደክሟችሁ ነበር? ከካሳው አያስወጣችሁም። የሚያስወጣው ሆን ብሎ ራስን መጉዳት ነው። እንደዚያ የሚቆጠሩ ሁለት ነገሮችም አሉ፦ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ጠጥቶ ሥራ መግባት። መሸፈኛውን ራሱ አስነሥቶ «መመሪያ ጥሰሃል» የሚል አለቃ ወዴትም አይደርስም። እንዲያውም ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማሳየት ከቻላችሁ፣ ከአዋጁ ካሳ በላይ በሌላው ሕግ የመጠየቅ መብታችሁ አልተነካም።

«ሥራ ላይ» የሚለውም ከማሽኑ ፊት ሰፋ ይላል። አለቃ ልኳችሁ መርካቶ ዕቃ ስትገዙ ብትወድቁ ሥራ ላይ ናችሁ። በድርጅቱ ሰርቪስ ስትመጡም ስትሄዱም እንዲሁ። ራሳችሁ በያዛችሁት ታክሲ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሹ አካል በአሠሪው ነው። ከሥራ በቀራችሁበት ጊዜ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ አለ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ሐኪም «ድኗል» ብሎ ሲጽፍ ይቆማል። ለእኔ ሁለት ወር ከፈሉና «ካልመጣህ እንደቀረህ እንቆጥራለን» አሉኝ። እኔም ቀረሁ።

የማይድን ጉዳት ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል። ጡረታ የሚቆረጥለት ሠራተኛ በመድን ወይም በጡረታ ሕግ ይታያል። ከእኔ ደሞዝ ጡረታ አይቆረጥም ነበር። እንዲህ ላለ ሰው አሠሪው በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ጉዳቱ ሙሉ ከሆነ የዓመት ደሞዝን በአምስት አባዝቶ፣ ከዚያ በታች ከሆነ በመቶኛው ልክ።

ስሌቱ ላይ ያላሰብኩት ጉድ ገጠመኝ። ደሞዜ 5,000 ብር ነበር፤ 3,000 በፔሮል፣ 2,000 በፖስታ። በፖስታ የሚመጣው ግብር ስለማይነካው ደስ ይለን ነበር፣ እውነቴን ነው። ቦርዱ 10 በመቶ ሰጠኝ። በ5,000 ቢሰላ የዓመቱ 60,000፣ በአምስት 300,000፣ ድርሻዬ 30,000 ይሆን ነበር። የተሰላው ግን ወረቀት ላይ ባለው ነው፤ 36,000 በአምስት፣ 180,000፣ ድርሻዬ 18,000። ፖስታው ደረሰኝ የለውም። ኦቨርታይምና አበልም ቢሆን ደሞዝ ተብሎ አይቆጠርም።

በሽታ የባሰ ነው፤ ጣት ሲቆረጥ ቀኑ ይታወቃል፣ ሳምባ ሲቆስል ግን አይታወቅም። ጥጥ ፋብሪካ ወይም ሲሚንቶ ላይ ዓመታት የሠራ ሰው ሲያስል «ብርድ ነው» ይባላል። አዋጁ ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የመጣን በሽታ እንደ አደጋው ነው የሚያየው፤ በአካባቢው ለሁሉም የሚዛመት ወረርሽኝ ግን አይገባበትም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቦታ የምትሠሩ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ምን ሥራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩና ካርዱ ላይ ይጻፍ።

የቤት ሠራተኞችና የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይደለም የሚታዩት። የቀን ሠራተኛ ግን ይታያል፤ «ቋሚ ስላልሆንክ» የሚላችሁን አትስሙ።

የፈረምኩት ወረቀት መብቴን አልገደለውም። ችሎት ሲቀርብ ዳኛዋ አዩት፤ ተዘናግቼ እንደነበር እንኳ አልጠየቁኝም። የጎዳኝ ሌላ ነው፦ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ አሥር ወር ዝም አልኩ። የካሳ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል። ሁለት ወር ሲቀረው አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቡና ላይ «አንተ እኮ ካሳ አለህ» ባይለኝ ኖሮ አበቃ። ክስ ለመክፈት ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ይህንንም ያወቅሁት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ፣ የተበደርኩትን ብር በእጄ ይዤ ነው።

ችሎቱ ላይ ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ፊርማው ሳይሆን የክሊኒኩ ካርድ ነበር። «በስለት ተቆርጦ የመጣ» ይላል። የት? ምን ሲሠራ? የለም። ሁለት የሥራ ጓደኞቼ ሥራቸውን ፈርተው ምስክር ለመሆን ሳምንታት ወሰደባቸው።

ለልጁ መለስኩለት። አትፈርም፤ ግን አትጣላ፣ «ላንብበው» በላቸው። አደጋ የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና አጠገብህ የነበሩትን ሰዎች ዛሬውኑ ጻፍ። ካርድህ ላይ «ሥራ ላይ እያለ» የሚል ካለ ኮፒ ያዝ፤ ከሌለ ሐኪሙን ጠይቀህ አስጨምር። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ንገራቸው፤ ካልሆነ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድ።

«አለቃዬ ጠዋት ወረቀቱን ፈርመህ ይዘህ ና ብሎኛል» አለኝ።

ካርድህን ይዘህ መጀመሪያ ክሊኒክ እለፍ አልኩት። አጠገቡ ያለው ኮፒ ቤት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል።