በመረግድና በጽፋት መካከል

በ1998 ዓ.ም. ግድም በስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች መስታወት ላይ «ጽሕፈት፣ ጥረዛ» ከሚለው ሥር «ሲዲ እንቀዳለን» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም ነበር። ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን ያስቀዳል፤ ሚዜው የሠርግ ዘፈን ያስለቅማል። እኔ ደግሞ አንድ የስልሳ ካሴት ይዤ ገባሁ። የሰፈራችን የኔታ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የንግሥ ሌሊት፣ ትንሽ ቴፕ ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው የቀዱት ማኅሌት ነው። ቴፑ ክሩን መብላት ስለጀመረ «እስቲ በዚያ በሚያብረቀርቀው ላይ አስገልብጥልኝ» ብለው ነበር የሰጡኝ።

በማግስቱ ሲዲውን ተቀበልኩ። ባለሙያው ልጅ በየቦታው ቆራርጦ ዐሥራ አንድ ትራክ አድርጎታል፤ የፈለጉትን ቁጥር ተጭኖ መሄድ ይቻላል። የኔታ ወንበራቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ቁም ዜማው አለፈ፣ መቋሚያው የሚወዛወዝበት ዝማሜም አለፈ። ከበሮው በንዑስ መረግድ ረገጥ ረገጥ እያለ ገባ፣ በዐቢይ መረግድ ጋለ፣ ጭብጨባው ወደሚፈጥንበት ወደ ጽፋት ሊሻገር ሲል ድምፁ ድርግም አለ። ጸጥታ። አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር የሚበቃ ጸጥታ። ከዚያ ጽፋቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

«ከበሮውን ማን ቀማቸው?» አሉኝ የኔታ።

ማኅሌት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚሻገረው መዘምር ቆሞ ትንፋሽ ሰብስቦ አይነሳም፤ የሚሻገረው በከበሮው ላይ ሆኖ ነው። እዚያ መሃል የገባች ሁለት ሰከንድ ዳገት ላይ የተቋረጠ ሞተር ማለት ናት።

ልጁን ስጠይቀው «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚወስደው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረው ኔሮ የተባለው ፕሮግራም ኦዲዮ ሲዲ ሲሠራ፣ ካልከለከሉት በስተቀር በየትራኩ መካከል ሁለት ሰከንድ ባዶ ያስገባል። ለአብዛኛው ደንበኛ ደግሞ ይህ ጥፋት አይደለም። የ1960ዎቹ ዘፈኖቻችንን ተመልከቱ፦ አምኃ ሪከርድስም ሆነ ካይፋ በአብዛኛው ያሳተሙት ትንሿን ሸክላ ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ሲያልቅ መርፌውን ማንሳት። እነዚያ ዘፈኖች ኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሲዲ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው ጸጥታ መኖሩ ማንንም አልከፋውም፤ ሲወለዱም ለየብቻቸው ነበሩ። ችግሩ የሚመጣው ሳይቆም የሄደን ነገር በቁጥር ስንከፋፍል ነው። ማኅሌት፣ ቅዳሴ፣ መንዙማ፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ሳያወርድ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የሚያሻግርበት የሠርግ ምሽት፣ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው።

ነገሩን የሚያስቆጨው ሲዲው ራሱ ይህን ጸጥታ አለመጠየቁ ነው። ሲዲ ላይ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከመሃል ተነስቶ እየተጠመዘዘ ወደ ጠርዝ የሚወጣ ቀጭን መስመር ነው፤ ቢተረተር ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ በ80 ደቂቃው ሲዲ ላይማ ስድስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ መስመር ላይ ዘፈንን ከዘፈን የሚለይ ግድግዳ የለም። ትራክ የምንለው መጀመሪያው ላይ በተጻፈ ማውጫ ውስጥ ያለ አድራሻ ነው፦ «ቁጥር 7 ከዚህ ደቂቃ፣ ከዚህ ሰከንድ ይጀምራል» ይላል፤ እስከ 99 ድረስ መጻፍ ይቻላል። አጫዋቹ 7ን ስንጫን ወደ አድራሻው ይዘላል፤ ካልተጫንነው ግን ቁጥሩን በመስኮቱ ላይ ቀይሮ መንገዱን ይቀጥላል። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ደንቡን ሲያወጡ ሁለት ሰከንድ ባዶ የግድ ያደረጉት ከመጀመሪያው ትራክ በፊት ብቻ ነው።

ታዲያ መቅጃው ለምን ይቆማል? ባዶ ሲዲ በፋብሪካ እንደሚታተመው ጉድጓድ የለውም። ከፕላስቲኩ ጀርባ ስስ ቀለም ተቀብቷል፤ ዓይን የማያየው የሌዘር ጨረር ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ ይጽፍበታል። ሰው «ሲዲ አቃጥልልኝ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአቃጣጠሉ ስልት ሁለት ነው። በአንደኛው ሌዘሩ አንድ ትራክ ጽፎ ይጠፋል፣ ለሚቀጥለው እንደገና ይበራል፤ በጠፋና በበራ ቁጥር መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል። ይህ «ትራክ አት ዋንስ» ይባላል። በሁለተኛው፣ «ዲስክ አት ዋንስ» በሚባለው፣ ሌዘሩ አንዴ ከበራ እስከ ጠርዝ ድረስ አይጠፋም። ማውጫው ቀድሞ ይጻፋል፣ ድምፁ እንደ አንድ ወንዝ ይፈስሳል። እኛ የምንፈልገው ይህን ነው።

ሁለተኛው ስልት ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ጠላት አለው፤ መብራት። በመጀመሪያው ስልት መብራት ቢሄድ ተቀድተው ያለቁት ትራኮች ሊተርፉ ይችላሉ። በዚህኛው ግን እኩሌታው ላይ ከሄደ ሲዲው ሞተ። የእኛም ሁለተኛ ሙከራ ያለቀው እንዲህ ነው፤ መብራት ሲቋረጥ የሚደርስ ዩፒኤስ የሚባል አልነበረንም። ያ ሲዲ የኔታ ግቢ ኮክ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ክረምት ወፍ አባርሯል።

በሦስተኛው ጊዜ ሁለቷ ሰከንድ ጠፋች፤ በምትኳ ግን መረግዱና ጽፋቱ መካከል ትንሽ እንቅፋት ቀረች፣ ከበሮ መቺው የረገጠው ጠጠር ያንሸራተተው ይመስል። ይህችን ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። ልጁ ቦታ ለመቆጠብ ቁርጥራጮቹን ኤምፒ ስሪ አድርጎ አስቀምጧቸው ኖሯል። ኤምፒ ስሪ ድምፅን የሚያሽገው 1,152 ናሙና በሚይዝ ከረጢት ነው፤ የመጨረሻው ከረጢት ካልሞላ በዝምታ ይሞላዋል፣ መጀመሪያው ላይም በማሸግና በመፍታት ምክንያት ከአንድ ሺህ ናሙና በላይ ዝምታ ይጨመራል። ይህች የሰከንድ አርባኛ ያህል ናት። በንግግር መሃል ማንም አይሰማትም፤ ከበሮ ላይ ግን ጆሮ ምሕረት የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከታወቀ። ካሴቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ሳይታመቅ፣ ዌቭ በሚባለው ዓይነት፣ አንድ ረጅም ፋይል ሆኖ ይቀመጥ። ከዚያ ፋይሉ አይቆረጥም፤ የትራኮቹን መነሻ ሰዓት ብቻ በያዘ ኪው ሺት በሚባል አጭር ጽሑፍ ይቀዳል። የግድ መቁረጥ ካስፈለገ ደግሞ የሲዲውን መስፈሪያ ማወቅ ነው። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይይዛል፤ ሰከንዱ በ75 ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፋይ 588 ይደርሰዋል። ትራክ መጀመርም ማለቅም የሚችለው በ588 ድንበር ላይ ነው። ከድንበሩ ውጭ የቆረጡትን ፕሮግራሙ በዜሮ ሞልቶ ያደርሰዋል፤ መገጣጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚለው እሱ ነው።

አንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር አደባልቆ ማለስለስም አለ፤ ዲጄዎች ይወዱታል። ለጭፈራ ቤት ያምራል። ለማኅሌት ግን አልመክርም፤ ሁለት ከበሮ በአንድ ላይ ሲመታ መስማት ከዝምታው ይብሳል።

በዚህ መንገድ በተቀዳው አራተኛ ሲዲ ላይ ጸጥታው ጨርሶ አልነበረም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ እኔ የአጫዋቹን መስኮት አያለሁ፦ 6 ወደ 7 ሲቀየር ከበሮው አልተንፏቀቀም፣ ጽፋቱ እንደ ጎርፍ ገባ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ግን ዜማው ከመሃል ተቆርጦ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዜማው ትንሽ ዘልሎ ቀጠለ። ይህን ጥፋት የሠራው የትኛው ማሽን እንደሆነ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«እሱን ተወው። ካሴቱን ስገለብጥ ነው» አሉ። «ቸኩዬ ነበር፤ ጨለማ ነው፣ መቋሚያዬንም ይዣለሁ።»