ያገለገለ የምግብ ዘይት ለናፍጣ ሞተር

የናፍጣ ሞተርን የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ይኸው ዓይነት ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ስለዚህ ሞተሩ በዘይት መነሣቱ አያጠራጥርም፤ ባለንብረቱ ሊመረምረው የሚገባው ውሎ አድሮ የሚደርስበትን ጉዳት ነው።

የምግብ ዘይት ውፍረቱ ከናፍጣ አሥር እጅ ያህል ይበልጣል። ስለሆነም መርጫው አድቅቆ ሊረጨው አይችልም፤ በሚገባ ሳይቃጠል የቀረውም ጥላሸት ሆኖ በመርጫው ጫፍና በፒስተን ቀለበቶች ላይ ይጋገራል። ከምግብ ቤት የተሰበሰበው ደግሞ ውሃ፣ ፍርፋሪና አሲድ ስላለበት የነዳጅ ፓምፑን ይጎዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ዘይቱን አዝቅጦ፣ አጣርቶና ውሃውን አስወግዶ እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሞቁ መጠቀም ነው፤ ሞተሩ ግን በናፍጣ ተነሥቶ በናፍጣ መቆም ስላለበት ሁለት በርሜል ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ዘይቱን በሜታኖልና በካስቲክ ሶዳ ወደ ባዮዲዝል መለወጥ ነው። ከ100 ሊትር ዘይትና ከ20 ሊትር ያህል ሜታኖል ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ባዮዲዝል ይገኛል፤ ግሊሰሪኑም ከሥር ይዘቅጣል። ሜታኖል መርዛምና ተቀጣጣይ በመሆኑ ይህ ሥራ ለተደራጀ ፋብሪካ እንጂ ለሱቅ ጓሮ አይሆንም።

እንግዲህ ወፍጮ ወይም ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ ከዘይቱ ርካሽነት የሚያገኘውን ትርፍ ከመርጫውና ከፓምፑ ዋጋ ጋር አስቀድሞ ቢያመዛዝን ይበጀዋል።