«1.2» ለአያትና ለልጅ ልጅ አንድ ነውን?

ቡናው ተለቅሞ ጥቂት ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ አንዲት የ70 ዓመት አያት ከ25 ዓመት ወንድ የልጅ ልጃቸው ጋር ለምርመራ ከአጋሮ ወደ ጅማ መጡ እንበል። ሁለቱም ደም ሰጥተው ውጤቱን ሲቀበሉ በየወረቀታቸው ላይ «ክሬያቲኒን 1.2» የሚል ተጽፎ አገኙ። ልጁም «እማማ፣ የእርስዎና የእኔ ኩላሊት እኩል ነው!» ብሎ ደስ አለው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ቆሻሻ ሲሆን ኩላሊት እያጣራ በሽንት ያስወግደዋል። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይሁን እንጂ ዕድሜው የገፋና የከሳ ሰው ጡንቻው ትንሽ በመሆኑ የሚያመነጨውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ ደክሞ ሳለ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህንን ለማረም ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ስሌት አሳተሙ። ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነስና ቀሪው በኪሎ ክብደት ይባዛል፤ የተገኘው ደግሞ ለ72 እና ለክሬያቲኒኑ ብዜት ይካፈላል። ለሴት ውጤቱ በ0.85 ይባዛል። ልጁ 65፣ አያት 45 ኪሎ ቢመዝኑ የእርሱ ኩላሊት በደቂቃ 87 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያጣራ የእርሳቸው ግን 31 ብቻ ነው!

ይህ ለመድኃኒት ምን ይፈይዳል? አያሌ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ነው። ለወጣቱ ልክ የሆነው የጄንታማይሲን መጠን ሳይስተካከል ለአያት ቢሰጥ ተጠራቅሞ ጆሮንና ራሱን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲወርድ አይወሰድም፤ አያት እዚያ አፋፍ ላይ ናቸው። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ደግሞ የደከመን ኩላሊት ይብስ ያደክማል።

ስሌቱ ግምት ነው፤ በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ሊሳሳት ስለሚችል የሚተረጉመው ባለሙያ እንጂ ቤተሰብ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት የክሊኒካል ፋርማሲ ባለሙያዎች አንዱ ተግባርም መጠን ማስተካከል ነው። የቤተሰብ ድርሻ አረጋውያንን ማስመዘን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዞ መቅረብና «መጠኑ ለኩላሊታቸው ተሰልቷልን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ወገኖችም ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ያማክሩ።

ጤና የአላህ አማና ነውና እንጠብቀው።