ሎጉ «ሴንት» ይላል፣ ኢሜይሉ ግን ባዶ ነው

ሰኞ ጠዋት ከሒሳብ ክፍል ተደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ኢሜይሉስ ገብቷል፤ ግን ርዕስ የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ አባሪ የለው።» ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ሎጉን ሳየው ሁሉም «ሴንት» ይላል። የተመለሰም ሆነ ወረፋ ላይ የቀረ አንድ ደብዳቤ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፖስትፊክስ የገባውን ደብዳቤ ለአንዲት አጭር የሼል ስክሪፕት ይሰጣል። እሷ ደግሞ በማጣሪያ ፕሮግራም አሳልፋ በፓይፕ ለሴንድሜይል ታቀብላለች። ራሴ ተርሚናል ላይ ሳስኬዳት እንከን የላትም። ሁለት ሰዓት እዚሁ ላይ አለቀ።

ፍንጩ የተገኘው ከመጠኑ ነው። ሲገባ 40 ሺህ ባይት ገደማ የነበረ ደብዳቤ ከስክሪፕቷ ሲወጣ ጥቂት መቶ ባይት ሆኗል። ስክሪፕቷ አናት ላይ «ሴት -ኤክስ» ጨምሬ የስህተት መልእክቱን ወደ ፋይል ላክሁት፤ «ኖት ፋውንድ» የሚል መጣ። ለካ ዓርብ ማታ ማጣሪያውን ሳሻሽለው አዲሱ የተጫነው «ዩዘር ሎካል ቢን» ውስጥ ኖሯል። የእኔ ፓዝ ያንን ማውጫ ያውቀዋል። ፖስትፊክስ ለስክሪፕቷ የሚሰጣት አጭር ፓዝ ግን አያውቀውም።

ታዲያ «ሴንት» ያስባለው ምንድን ነው? የፓይፕ መውጫ ኮድ የመጨረሻው ትእዛዝ ኮድ ነው። ማጣሪያው በ127 ወደቀ፤ ሴንድሜይል ግን ባዶውን ተቀብሎ በ0 ጨረሰ። ፖስትፊክስ የሚደርሰው ያ 0 ብቻ ነው፤ 0 ሲያይ ደግሞ ዋናውን ደብዳቤ ከወረፋው ያጠፋዋል።

«ፓይፕፌይል ጨምርበት» የሚል ምክር ይሰጣል። ለዚህ ግን አያድንም፤ ውድቀቱ እስኪታወቅ ባዶው ደብዳቤ ሄዷል። የሚያድነው የማጣሪያውን ውጤት መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ማስቀመጥ፣ ማጣሪያው ከወደቀ ሴንድሜይልን ሳይነኩ በ75 መውጣት ነው። 75 ለፖስትፊክስ «አሁን አልሆነም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ደብዳቤው ወረፋ ላይ ይቆያል፤ ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 5 ቀን። የማጣሪያውንም ሙሉ አድራሻ ስክሪፕቷ ውስጥ ጻፍኩት።

ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የገቡትን ደብዳቤዎች ግን ማስመለስ አልተቻለም፤ ለላኪዎቹ አንድ በአንድ እየደወልን እንደገና አስላክን። እናንተም ቤት ወደ ሴንድሜይል በፓይፕ የሚልክ ስክሪፕት ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት።