ዝምታ እምቢታ አይደለም፦ በአገልጋይ ኮምፒዩተር ያሉ የሥራ አካላትን ከሩቅ ስለ መጥራት

በዘመናችን የገንዘብ፣ የመዝገብና የንብረት አስተዳደር የሚካሄደው በአብዛኛው በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል በሚደረግ ምልልስ ነው። አንደኛው በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ደንበኛ፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ክላየንት፣ ሲሆን ሌላው በሩቅ ሆኖ መዝገቡን የሚጠብቀውና የሥራውን ደንብ የሚያስፈጽመው አገልጋይ፣ ማለትም ሰርቨር፣ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት ይሞክራል። የመጀመሪያው፣ ደንበኛው በአገልጋዩ ውስጥ ያለውን የሥራ አካል በምን መንገድ ጠርቶ እንደሚያሠራው ነው። ሁለተኛው፣ ጥሪው መልስ ሳያገኝ ሲቀር ጠሪው ምን ማወቅና ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ የሚያስከትለውም ጉዳት የበለጠ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በስደት የሚኖሩ ሰዎች ያቋቋሙት አንድ የመረዳጃ ማኅበር አለ እንበል። ገንዘብ ያዡ የሚኖረው ዋሽንግተን ሲሆን የማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ ያለበት አገልጋይ ኮምፒዩተር ግን ፍራንክፈርት ነው። ማኅበሩ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ 3,000 ዶላር ይሰጣል። «መዋጮውን ያላጠናቀቀ አባል እርዳታ አያገኝም»፣ «ክፍያ ያለ ሊቀ መንበሩ ፈቃድ አይፈጸምም» የሚሉ ደንቦችም አሉት። እነዚህ ደንቦች በገንዘብ ያዡ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ቢጻፉ፣ ሌላው የኮሚቴ አባል በሌላ ፕሮግራም መዝገቡን ሲነካ ደንቡን የሚያስከብር አይኖርም። ስለዚህ ደንቦቹ ከመዝገቡ ጎን፣ በአገልጋዩ ውስጥ፣ በአንድ የሥራ አካል ይሰበሰባሉ። ከዋሽንግተን የሚላከው «ለእገሌ ክፈል» የሚል ጥሪ ብቻ ይሆናል።

ሩቅ ያለውን ሥራ ቅርብ እንዳለ ሥራ የመጥራት ሐሳብ ጎልቶ ከተብራራባቸው ጽሑፎች አንዱ፣ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል የነበሩት አንድሩ ቢረልና ብሩስ ጄይ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነው። ዓላማቸው ፕሮግራም ጸሐፊው በገዛ ኮምፒዩተሩ ያለውን ተግባር በሚጠራበት ልማድ በሌላ ኮምፒዩተር ያለውንም እንዲጠራ ማስቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ ደግሞ በ1991 ኮርባ የተባለውን ደንብ አወጣ፤ ይህም በልዩ ልዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፉ አካላት እርስ በርስ እንዲጠራሩ የታለመ ነበር። ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1997 የሩቅ ጥሪን በጃቫ ቋንቋ ውስጥ አካተተ፤ በ1998 ደግሞ ኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ የተሰኘው ደንብ የመጀመሪያ እትም ወጣ። የዚህ የመጨረሻው ልዩ ጠባይ የሥራውን አካል አቃፊ ልንለው በምንችለው ፕሮግራም ውስጥ ማኖሩ ነው። የጠሪውን ማንነትና ፈቃድ የሚያጣራው፣ የመዝገቡን ለውጥ የሚቆጣጠረው አቃፊው ነው፤ የአካሉ ደራሲ በሥራው ደንብ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ይተዋል።

የጥሪው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በሁለቱ ወገኖች መካከል ውል አለ፤ ባለሙያዎቹ ኢንተርፌስ ይሉታል። ውሉ አካሉ ምን ተግባር እንደሚፈጽም፣ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ይዘረዝራል፤ እንዴት እንደሚፈጽመው ግን አይናገርም። የውሉ ቅጂ በደንበኛውም በአገልጋዩም ዘንድ ይገኛል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ካልተስማሙ ጥሪው ሊከሽፍ ይችላል። ቀጥሎ ደንበኛው የአገልጋዩን አድራሻና ራሱን የሚያስታውቅበትን ስምና የምሥጢር ቃል ይዞ ወደ ስም መዝገብ ይቀርባል። በጃቫ ዓለም ይህ መዝገብ የሚጠየቀው ጄኤንዲአይ በሚባለው መንገድ ነው። ደንበኛው «የእርዳታ ክፍያ» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው አካሉ ራሱ ሳይሆን ወኪሉ ነው። ወኪሉ በደንበኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል፤ በመልኩ ውሉን ይመስላል፤ የክፍያውን ሥራ ግን ራሱ አይሠራም።

ወኪሉ ሲጠራ የተቀበለውን መረጃ ለጉዞ በሚመች መልክ ጠቅልሎ በመረቡ ይልካል። አገልጋዩ ጥቅሉን ይፈታል፤ አቃፊው የጠሪውን ፈቃድ ይመረምራል፤ ከዚያም ትራንዛክሽን ይከፍታል። ይህም ማለት የተያያዙት የመዝገብ ለውጦች ወይ ሁሉም ይጸናሉ፣ ወይ ሁሉም ይሻራሉ፤ ከማኅበሩ ሒሳብ ገንዘብ ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይጻፍ ሊቀር አይችልም። ሥራው በደኅና ሲፈጸም ለውጡ ይጸናል፤ መልሱም እንዲሁ ተጠቅልሎ ወደ ወኪሉ ይመለሳል። በፊተኞቹ እትሞች ደንበኛው አስቀድሞ የአካሉን «ቤት» መፈለግና ከእርሱ አካሉን መቀበል ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ዙሪያ ጥምጥም አስቀረ።

እስከዚህ ድረስ አሠራሩ ያማረ ነው። ጠንቁ የሚመጣው ከማማሩ ነው፤ የሩቁ ጥሪ በጽሑፍ ሲታይ ከቅርቡ ጥሪ ስለማይለይ፣ በባሕርዩም የማይለይ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የሳን ማይክሮሲስተምስ ተመራማሪ የነበሩት ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቻቸው ይህን አስተያየት አጥብቀው ተቃወሙ። የሩቁን ጥሪ ከቅርቡ የሚለዩት ነገሮች አራት መሆናቸውን ገለጹ፤ እነርሱም የጊዜ መዘግየት፣ የማስታወሻ ቦታን በጋራ አለመጠቀም፣ የከፊል ብልሽትና የብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ መካሄድ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በምሳሌያችን ጎልተው የሚታዩትን ሁለቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከዋሽንግተን እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 6,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለደርሶ መልስ ቢያንስ 65 ሚሊሰኮንድ ያስፈልጋል፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ገንዘብ ያዡ የ12 አባላትን ስም፣ አድራሻ፣ መዋጮና ውዝፍ ለማየት ፈልጎ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ በተራ ቢጠይቅ ጥሪው 48 ይሆናል፤ ለጉዞ ብቻም ከ3 ሰኮንድ በላይ ይፈጃል። ሁሉንም በአንድ ጥሪ ቢጠይቅ ግን አንድ ደርሶ መልስ ይበቃዋል። ይህን ወጪ የትኛውም ፈጣን ኮምፒዩተር አያስቀረውም፤ የሚቀነሰው ውሉ ሲረቀቅ ጥሪዎቹ ጥቂትና ሙሉ እንዲሆኑ በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሁለተኛው የኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ እትም በአንድ አገልጋይ ውስጥ ላሉ አካላት የቅርብ ጥሪን ከሩቁ ለይቶ መደንገጉም ልዩነቱ ሊሸፈን የማይገባው መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛውና ዋናው የከፊል ብልሽት ጉዳይ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ጠሪና ተጠሪ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል ግን አንዱ ወድቆ ሌላው ሊቆም ይችላል። ገንዘብ ያዡ «ለእገሌ 3,000 ዶላር ክፈል» ብሎ ላከ፤ 30 ሰኮንድ ጠበቀ፤ መልስ የለም። የላከው ጥሪ እንደ ቁራ መልእክተኛ ሄዶ ቀረ። ምን ሆኖ ይሆን? ጥሪው ፍራንክፈርት ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል፤ ደርሶ ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ይሆናል፤ ወይም ክፍያው ተፈጽሞ፣ በመዝገቡም ጸንቶ፣ የጠፋው መልሱ ብቻ ይሆናል። ከዋሽንግተን ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ቢረልና ኔልሰንም ቢሆኑ ይህን አልሸሸጉም፤ መልስ ከተገኘ ተግባሩ በትክክል አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፤ ስሕተት ከተነገረ ግን አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ወይም ጨርሶ ሳይፈጸም ሊሆን እንደሚችል፣ ጠሪውም የትኛው እንደ ሆነ እንደማይነገረው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ «ትራንዛክሽኑ የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በምሳሌያችን ትራንዛክሽኑ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በአገልጋዩ በኩል ነው፤ መልሱ ወደ ደንበኛው የሚጓዝበትን መንገድ አይጠብቅም። ገንዘብ ያዡ ዝምታውን እምቢታ አድርጎ ቢተረጉመውና ጥሪውን ቢደግመው 6,000 ዶላር ሊከፈል ይችላል። አልደግምም ብሎ ቢተወው ደግሞ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። አገልጋዩም ሁለተኛውን ጥሪ በግምት ሊጥለው አይችልም፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ሊሞትበት ይችላልና።

መፍትሔው እያንዳንዱን ጉዳይ መለየት ነው። ደንበኛው ከመላኩ በፊት ለጉዳዩ ሌላ ጉዳይ የማይጋራው ቁጥር ይሰጠውና በራሱ ዘንድ ይመዘግበዋል፤ ቁጥሩንም ከጥሪው ጋር ይልካል። አገልጋዩ ክፍያውንና ቁጥሩን በአንድ ትራንዛክሽን ይመዘግባል። ያው ቁጥር ዳግመኛ ሲመጣ አይከፍልም፤ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል። ሁለት ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ቢደርሱም አንዱ ብቻ እንዲያልፍ መዝገቡ የቁጥሩን መደገም መከልከል ይኖርበታል። እንዲህ ከሆነ ገንዘብ ያዡ ያለ ስጋት ሊደግም ይችላል፤ ደንበኛው ኮምፒዩተር ተበላሽቶ ቢነሣ እንኳ የተመዘገበው ቁጥር ጉዳዩን ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ጥንቃቄው አዲስ ቁጥር ለአዲስ ጉዳይ ብቻ መስጠት ላይ ነው፤ ለድጋሚው ጥሪ አዲስ ቁጥር ከተሰጠ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የመተማመን ጉዳይም አለ። ስም መዝገብን መጠየቅና ከሩቅ የመጣን ጥቅል መፍታት በራሳቸው በር መክፈት ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ይፋ የሆነው የሎግ4ጄይ ጉድለት አደገኛ የሆነው፣ ከውጭ የገባ ጽሑፍ ፕሮግራሙን አጥቂው ወዳዘጋጀው አድራሻ በጄኤንዲአይ በኩል ሊመራው ይችል ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ስም ከማይታወቅ ሰው ቃል ሊወሰድ አይገባም፤ መስመሩ በምሥጢር ጽሕፈት ሊጠበቅ፣ የሚፈታውም ጥቅል አስቀድሞ በተፈቀደ ዓይነት ሊወሰን ይገባል።

ዛሬ ብዙዎች ከእነዚህ ደንቦች ይልቅ በድረ ገጽ መስመር በሚላኩ መልእክቶች፣ ወይም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ጂአርፒሲ ይጠቀማሉ። መሣሪያው ይለወጥ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። የሩቅ ጥሪን የሚነድፍ ባለሙያ «ሲሳካ ምን ይመለሳል?» ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም፤ «መልስ ባይመጣ፣ ይህንኑ ጥሪ ብደግመው ማን ይጎዳል?» ብሎም መጠየቅ አለበት። የዚህ መልስ በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ሒሳቡ የሚወራረደው በሰው ገንዘብና በሰው እምነት ላይ ይሆናል።